የካምፓላ ቤተ ሙከራዎችና ከባሕር ማዶ የሚመጡት ብልቃጦች፦ የኤችአይቪ ምርምር የማንን ደም መስፈርት ያደርጋል?

እአአ በየካቲት 1999 በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ አርባ ጤናማ በጎ ፈቃደኞች የተሳተፉበት አንድ የሕክምና ሙከራ ተጀመረ። በአፍሪካ ምድር የተካሄደ የመጀመሪያው የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ ነበር። ያስተናገደው በዶክተር ፒተር ሙጌንዪ ይመራ የነበረው የጋራ ክሊኒካዊ ምርምር ማዕከል፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጄሲአርሲ፣ ሲሆን ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ በአገሪቱ ብርቱ ክርክር ተነሥቶበት ነበር።

ክርክሩ በአብዛኛው ያተኮረው «አፍሪካውያን ለምን መሞከሪያ ይሆናሉ?» በሚለው ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ክትባቱ የተቀረጸው በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ በስፋት የሚገኘውን «ቢ» የተሰኘውን የኤችአይቪ ዝርያ መነሻ አድርጎ ነበር። በኡጋንዳ የሚዛመቱት ደግሞ በዋናነት «ኤ» እና «ዲ» ናቸው። ለአንዱ ዝርያ የተሠራ ክትባት በሌላው ላይ የሚነቃ የመከላከል ኃይል ይፈጥራል ወይ? ከዓመታት በኋላ ይፋ የሆነው ውጤት አበረታችም ተስፋ አስቆራጭም ነበር። ቫይረሱ የገባባቸውን ሕዋሳት የሚገድሉ «ቲ ሕዋሳት» የተገኙት ክትባቱን ከወሰዱት መካከል ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች በአንዳንዶቹ ግን ምላሹ የዝርያ ድንበር ተሻግሮ ታይቷል።

ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ያ ጥያቄ አልተዘጋም። አሁን የሚነሣው ግን በክትባቱ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ክትባትንና መድኃኒትን ለመመዘን በሚያገለግሉት የቤተ ሙከራ ግብዓቶች ላይም ጭምር ነው። ከእነዚህ ግብዓቶች መካከል ከሕዝብ ዓይን እጅግ የራቁት፣ በዘረመል ምሕንድስና የሚመረቱት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው።

በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ያለው

የሰውነት በሽታ መከላከያ ሕዋሳት ከገጻቸው ላይ ወደ ውጭ ብቅ ያሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። ሕዋሱ ጎረቤቱን የሚለየው፣ ጠላትን የሚያውቀው፣ ትእዛዝም የሚቀበለው በእነርሱ አማካይነት ነው። «ተቀባይ» የተባሉትም ለዚህ ነው። ከሁሉም ይበልጥ ስሙ የሚነሣው «ሲዲ4» የተባለው ሲሆን፣ ኤችአይቪ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር ይኸው መሆኑን የፓሪስና የለንደን ተመራማሪዎች እአአ በ1984 አረጋግጠዋል።

ተመራማሪ ይህን በር ብቻውን ነጥሎ ማጥናት ሲፈልግ ከሰው ደም አጣርቶ ለማውጣት አይሞክርም፤ የሚገኘው መጠን እጅግ ኢምንት ነውና። ይልቁንም ተቀባዩን እንዲሠራ የሚያዘው የዘረመል ክፍል ተቆርጦ በቤተ ሙከራ በሚራቡ ሕዋሳት ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚያገለግሉት መነሻቸው ከሰው ኩላሊት ወይም ሃምስተር ከተባለችው አይጥ መሰል እንስሳ እንቁላል ዕጢ የሆኑ ሕዋሳት ናቸው። ሕዋሳቱ ፕሮቲኑን እየሠሩ ወደሚዋኙበት ፈሳሽ ይለቁታል፤ ፈሳሹም ተጣርቶ ፕሮቲኑ ይለያል፣ ይመዘናል፣ በቅዝቃዜ ደርቆ በትንሽ ብልቃጥ ይታሸጋል። በዓለም ገበያ የአንድ ግራም አሥር ሺህኛ ክፍል የሚይዝ ብልቃጥ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ ዱቄት የሚከናወነው ሥራ ብዙ ነው። አንድ ክትባት የፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱ በሩን እንዳያገኝ ያግደው እንደሆነ ይፈተሻል። አዲስ መድኃኒት ከተቀባዩ ጋር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያያዝ ይለካል። ከታማሚ ደም ውስጥ አንድን ተሕዋሲ ብቻ የሚያውቁት ቲ ሕዋሳት ተለይተው ይቆጠራሉ።

ሲዲ4 በዚህ መልክ ተመርቶ በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደ መድኃኒትም ተሞክሯል። ሐሳቡ ብልህ ነበር፦ ደም ውስጥ የሐሰት በሮችን መበተንና ቫይረሱ በእነርሱ ላይ ተጣብቆ እንዲቀር ማድረግ። በቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት እጅግ ግሩም ሆነ። በታማሚዎች ላይ ግን ሳይሳካ ቀረ። በ1990 እንደታወቀው፣ በቤተ ሙከራው የተሸነፉት ቫይረሶች ለረጅም ጊዜ በሰው ሠራሽ መንገድ ሲራቡ የኖሩና ለዚያ ኑሮ የተላመዱ ነበሩ። ከታማሚዎች በቀጥታ የተወሰዱት ቫይረሶች ግን ያንኑ ፕሮቲን በብዙ እጥፍ ተቋቋሙት። ፕሮቲኑ ጉድለት አልነበረበትም፤ የተፈተነበት ነገር ነው እውነተኛውን ዓለም ያልመሰለው።

በሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው?

የሰው ልጅ ሁሉ ሲዲ4 አለው፤ ስለዚህ ቢያንስ ይህኛው ፕሮቲን የትም ቢመረት ለውጥ የለውም የሚል ግምት ሊኖር ይችላል። ግምቱ ከእውነት እምብዛም አይርቅም፤ ፈጽሞ ትክክል ግን አይደለም። ሲዲ4ን ለመቁጠር ቀደም ባሉት ዓመታት በስፋት ሲያገለግል የነበረ «ኦኬቲ4» የተባለ ፀረ እንግዳ አካል በአንዳንድ ሰዎች ደም ላይ ምንም አላይ ይል ነበር። ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፣ ሕዋሳቱም አሏቸው፤ ነገር ግን በተቀባዩ ላይ ባለች አንዲት ጥቃቅን ልዩነት ምክንያት መመርመሪያው ሊያውቃቸው አልቻለም። ይህ ልዩነት በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ጎልቶ ይታያል። በናይሮቢ ሴተኛ አዳሪዎች ላይ በተደረገ ጥናትም በኤችአይቪ ከመያዝ ተጋላጭነት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

«ኤችኤልኤ» ወደሚባሉት ሞለኪውሎች ሲመጣ ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ይሰፋል። እነዚህ በሕዋሳት ገጽ ላይ ሆነው የተሕዋሲ ቁራጭ ለቲ ሕዋስ የሚያሳዩ እጆች ናቸው ማለት ይቻላል። የቲ ሕዋሱ ተቀባይ ቁራጩን ብቻ ሳይሆን የያዘውንም እጅ አብሮ ያነባል። እጁ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ያሉት ሲሆን ከፍተኛው ብዝኃነት የሚገኘው በአፍሪካ ነው።

የምርምሩ ዓለም ግን ለረጅም ዘመን ጎልቶ ያጠናው አንዱን ዓይነት ነው። «ኤ2» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ይህ ዓይነት የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ ይገኛል። ከሰሐራ በታች ባሉ አፍሪካውያን ዘንድ ድርሻው በጣም ያነሰ ነው። እአአ በ1996 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረው ስልት፣ አራት የኤችኤልኤ ሞለኪውሎችን አንድ ላይ በማሰር አንድን ተሕዋሲ ብቻ የሚያውቁ ቲ ሕዋሳትን ለቅሞ ለመቁጠር አስችሏል። ሥነ መከላከልን የቀየረ ግኝት ነበር። ሆኖም በገበያ በቀላሉ የሚገኙት ስብስቦች በአብዛኛው ለኤ2 የተሠሩ ናቸው። የካምፓላ ተመራማሪ ለታማሚዎቹ የሚስማማውን ሲሻ በልዩ ትእዛዝ ማሠራትና መጠበቅ ይኖርበታል። በአሜሪካ አትላንታ የሚገኝ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ማዕከል ለተመራማሪዎች በማከፋፈል ችግሩን በመጠኑ አቃልሎታል፤ ያም ቢሆን መልሶ በአንድ አገር በጀት ላይ መንጠልጠል ነው።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሐኪም ቤት ሲሻገርም ነገሩ ያው ነው። እአአ በጥር 2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቴቤንታፈስፕ የተባለውን የዓይን ካንሰር መድኃኒት አጸደቀ። የቲ ሕዋስ ተቀባይን ከሕዋሱ ነጥሎ፣ አጠንክሮና በፈሳሽ መልክ አምርቶ በመድኃኒትነት በማቅረብ ረገድ የመጀመሪያው ነው። የሚሠራው ኤ2 ላላቸው ሰዎች ብቻ ነው። የዚሁ መድኃኒት ባለቤት የሆነው የብሪታንያ ኩባንያ ኢሚዩኖኮር፣ ሕክምና በሚወስዱ ሰዎች ሰውነት ተደብቆ የሚቀረውን ኤችአይቪ ለማደን በዚያው ስልት ሌላ ፕሮቲን ሠርቶ በ2022 በአውሮፓ መሞከር ጀምሯል። ይህም በመጀመሪያ ደረጃ የታለመው ለኤ2 ባለቤቶች ነው።

ኩባንያው በዚህ የሚወቀስ አይደለም፤ አንድ ስልት የሚጀመረው ይበልጥ ከሚታወቀው ነገር ነውና። ሆኖም በዓለም ከኤችአይቪ ጋር ከሚኖሩት ሰዎች አብዛኞቹ የሚገኙት ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ነው፤ በኡጋንዳ ብቻ ቁጥራቸው ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ይጠጋል። ፈውስ ፍለጋው የተጀመረው ለእነዚህ ሰዎች አብዛኛው እጅ በማይገጥም ጓንት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ እንቴቤ የታየ ልዩነት

ሚዛኑ ከሌላ አገር ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ኢትዮጵያ የራሷ ምሳሌ አላት። በ1990ዎቹ የኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥራውን ሲጀምር፣ ተመራማሪዎቹ ቫይረሱ የሌለባቸውን ጤናማ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሕዋሳት ቁጥር ለኩ። ቁጥሩ ከኔዘርላንዳውያን በግልጽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ሲነጻጸርም ዝቅ ያለ ነበር። በዚያ ዘመን ሕክምና የሚጀመረው የሲዲ4 ቁጥር ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነበርና ጉዳዩ የወረቀት ክርክር ብቻ አልነበረም። በአውሮፓ መስፈርት «ቀነሰ» የሚባለው ቁጥር ለአንድ ጤነኛ የአዲስ አበባ ነዋሪ የዘወትር ሊሆን ይችል ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እአአ በ2009፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በሩዋንዳና በዛምቢያ ከሁለት ሺህ በላይ ጤናማ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ታተመ። ከኡጋንዳ እንቴቤና ማሳካ ተካተዋል። ተመራማሪዎቹ የደም ውጤቶቹን ከአሜሪካ መስፈርት ጋር ሲያስተያዩ፣ በዚያ መስፈርት ቢኬድ ኖሮ ከእነዚህ ጤነኞች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት «ለክሊኒካዊ ሙከራ ብቁ አይደሉም» ይባሉ እንደነበር አወቁ።

መረጃው በአሁኑ ወቅት የለም ማለት አይቻልም። እአአ በ2019 ይፋ በተደረገው የኡጋንዳ የዘረመል ጥናት፣ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎች ዘረመል የተመረመረ ሲሆን የሁለት ሺህ ገደማ ሰዎች ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተነቧል። በሕዝቡ ዘንድ የትኞቹ ልዩነቶች እንደሚበዙ ለማወቅ መነሻ አለ። የጎደለው ይህን እውቀት ወደ ብልቃጥ የሚቀይር እጅ ነው።

ብልቃጡ እስኪደርስ

የካምፓላ ቤተ ሙከራዎች በችሎታ የሚታሙ አይደሉም። ከጄሲአርሲ ሌላ በሙላጎ የሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በእንቴቤ ያለውና በ1936 የተመሠረተው የኡጋንዳ ቫይረስ ምርምር ኢንስቲትዩትም በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁ ናቸው። ከእናት ወደ ልጅ የሚደረገውን የኤችአይቪ መተላለፍ በርካሽ መግታት እንደሚቻል ያሳየው የኔቪራፒን ጥናት የተካሄደው በዚችው ከተማ ነው።

ይሁን እንጂ በሳን ዲዬጎ ወይም በቤይጂንግ ያለ ተመራማሪ ዛሬ አዝዞ በቀናት ውስጥ የሚረከበውን ፕሮቲን የካምፓላው ባልደረባው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጠብቃል። በመካከል ወኪል ሻጭ አለ፤ የአየር ጭነት ክፍያ አለ፤ የማስገቢያ ፈቃድና የጉምሩክ ሰልፍ አለ። ፕሮቲኑ በበረዶ መጓዝ ካለበት በአንድ መጋዘን የሚያድረው አንድ ተጨማሪ ሌሊት ሊያበላሸው ይችላል። የከፋው ነገር ደግሞ የተበላሸ ፕሮቲን ከዓይን መሰወሩ ነው፤ ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው። ተመራማሪው የሚያውቀው ሙከራው ትርጉም አልባ ውጤት ሲሰጠው ነው፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ የፕሮቲኑ ይሁን የሐሳቡ ለመለየት ሌላ ብልቃጥ ማዘዝ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ ላይ የ2025 ድንጋጤ ተጨመረ። በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት ሲያግድ፣ ከደቡብ አፍሪካ የሚመራውና ብሪሊያንት የተሰኘው የአፍሪካውያን የኤችአይቪ ክትባት ጥምረት ሊጀምር የተዘጋጀውን ሙከራ ለማቆም ተገደደ። በግንቦት መጀመሪያ ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ውጭ አገር አጋሮች የሚተላለፉ ንዑስ የምርምር ድጋፎችን አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ አግዶ እንደሚያቆይ አስታወቀ። እንደ ካምፓላ ላሉ ከተሞች ይህ መንገድ ዋነኛ የምርምር ገንዘብ መተላለፊያ ነበር። ደመወዝ ሲቋረጥ ወዲያው ይሰማል፤ የግብዓት መቋረጥ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚታወቀው፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው እስኪያልቅ።

ሁሉን እዚያው ማምረት ይቻላል?

መልሱ ሁሉንም አይደለም፤ ሁሉንም ማምረትም አያስፈልግም። ሲዲ4ን የመሰለ በየትም የሚመረትና ዋጋው በውድድር እየቀነሰ የሚሄድ ፕሮቲን ለማምረት ውስን ሀብትን ማፍሰስ ኩራትን እንጂ ጥቅምን አያስገኝ ይሆናል። የሰው ሕዋስ አራብቶ ተቀባይ ፕሮቲን ማውጣት በባክቴሪያ አማካይነት ቀላል ኢንዛይም ከማምረት ይለያል። የማይቋረጥ መብራት፣ ንጹሕ አየር፣ የማጣሪያ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ምርት ከቀደመው ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ ጥብቅ ቁጥጥር ይጠይቃል።

አዋጭ የሚመስለው ሌላ የማያመርተውን መርጦ መጀመር ነው፦ በምሥራቅ አፍሪካ የሚበዙትን የኤችኤልኤ ዓይነቶች፣ የ«ኤ» እና የ«ዲ» ዝርያ ቫይረሶችን የላይ ልባስ ፕሮቲኖች። እነዚህን ገበያው ችላ ያላቸው ገዢያቸው ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ያው ገዢ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ ክፍለ አህጉር ነው። የናይሮቢ፣ የአዲስ አበባ፣ የኪጋሊና የዳሬሰላም ተመራማሪዎች አንድ ላይ ቢያዙ አንዲት አነስተኛ ማምረቻ ሥራ አታጣም። የአዲስ አበባው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ለአሥርት ዓመታት የቲ ሕዋሳትን ጥናት ሲያካሂድ ኖሯልና ደንበኛም አጋርም የመሆን ዕድል አለው።

በአገር ውስጥ ማምረት ዋጋን ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ሕንድ አሳይታለች። ከታማሚው የተወሰዱ ቲ ሕዋሳትን በዘረመል ምሕንድስና በተሠራ ተቀባይ አስታጥቆ ወደ ሰውነቱ የሚመልሰው የካንሰር ሕክምና በአሜሪካ እአአ በ2017 ገበያ ላይ ሲውል 475 ሺህ ዶላር ይጠየቅበት ነበር። በሙምባይ ተመራማሪዎች የተሠራው የሕንዱ ስሪት በጥቅምት 2023 ሲጸድቅ ዋጋው ከዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። ይህም ቢሆን ለአንድ የካምፓላ ቤተሰብ ሊታሰብ የማይችል ገንዘብ ነው፤ የቅናሹ መጠን ግን ችላ የሚባል አይደለም።

ካምፓላም በዚህ መንገድ ላይ ስሟ ተመዝግቧል። የዘረመል ሕክምናን ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ለማድረስ እአአ በ2020 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት የመጀመሪያ መነሻ አድርጎ የመረጣቸው ሁለት ቦታዎች ነበሩ፤ አንዱ የሕንዱ ቬሎር፣ ሌላው በዶክተር ሲሲ ኪትዮ የሚመራው ጄሲአርሲ። በቬሎር አምስት የሄሞፊሊያ ታማሚዎች በዘረመል ሕክምና የተገኘላቸው ውጤት በታኅሣሥ 2024 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ለኡጋንዳ የሚታሰቡት ሁለት በሽታዎች ኤችአይቪና ማጭድ መሰል የደም ሕዋስ በሽታ ናቸው። የሁለተኛውን ዘረመል ከአንድ ወላጅ የወረሱ የኡጋንዳ ሕፃናት ከመቶ 13 እንደሚደርሱ ከአሥር ዓመት በፊት የተካሄደ አገር አቀፍ ምርመራ አሳይቷል።

ሕጉ ግን ገና ተንጠልጥሎ ነው ያለው። የኡጋንዳ ፓርላማ የሕይወታዊ ቴክኖሎጂና ደኅንነት ረቂቁን በ2017 አጽድቆ ሲልከው ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ መለሱት። በ2018 ስሙን ለውጦ ዳግም ቢያጸድቀውም እንደገና ተመለሰ። ክርክሩ በአብዛኛው የሚመለከተው በዘረመል ምሕንድስና የተሻሻሉ ሰብሎችን ማለትም ሙዝና በቆሎን ነበር፤ ስለ ብልቃጥ ፕሮቲኖች የተናገረ እንደራሴ መኖሩ ያጠራጥራል። እስካሁን በተዘጋ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚካሄዱ እንዲህ ያሉ ሥራዎች በብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ምክር ቤት ፈቃድ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው እየታየ ይቀጥላሉ። የምርምር ናሙና ደም ከአገር እንዲወጣ የሚፈቅደውም ይኸው ምክር ቤት ነው፤ በእንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ደሙ በበረዶ ታሽጎ ይወጣል፣ ብልቃጡም በዚያው በር ይገባል።